ስለ ዳቦው ትራክተር የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ናሁሰናይ፤
የልጆቻችን አጸደ ሕፃናት ርእሰ መምህር፤
መተማ ዮሐንስ።

ጉዳዩ፦ በታዘዝኩት መሠረት በጽሑፍ ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። በዚህ በሚያዝያ ወበቅ፣ ውሻው እንኳ ከቆመ መኪና ሥር አልወጣም በሚልበት ሰሞን፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ሳይደክም እንዲዞር፣ መብራቱም ሳይቆራረጥ እንዲውልልዎ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እንዲሆን እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ ትእዛዝዎን ለመፈጸም የሚያበቃ ጤና አለኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እኔ አምባው እባላለሁ። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ትራክተር የሚጠገንበት ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ስሆን፣ በትምህርት ቤትዎ የምትማረው የስድስት ዓመቷ የሠላማዊት አባት ነኝ። ስለ ፈጸምኩት ጥፋት በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ይቅርታውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወላጅ ሁሉ እንዲያነበው ማዘዝዎ ይታወሳል። ወላጅ ሁሉ የሚያነበው ከሆነ ደግሞ ነገሩን ያልሰማው ግራ እንዳይጋባ ከሥሩ ጀምሬ ብጽፈው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ጽሑፉ ቢረዝም ጥፋቴ ስለበዛ ነውና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ የላኩልንን የምሳ መመሪያ አምኜ በመቀበሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንደሚያስታውሱት ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቹ ለምሳ ወደ ቤት መመላለሳቸው ቀርቶ ምሳቸውን ይዘው እንዲመጡ ወሰኑ። ውሳኔው ደግ ነበር፤ በቀትር አስፋልት ላይ ልጁን ይጎትት የነበረ ወላጅ ሁሉ መርቆዎታል። ከውሳኔው ጋር ግን በቀለም ያጌጠ አንድ ወረቀት ተከትሎ መጣ፤ ርእሱም «ቀላልና አዝናኝ የልጆች ምሳ» ይላል። ሰኞ በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ ዳቦ ከቺዝ ጋር፣ ማክሰኞ በስንጥር ላይ የተሰካ እንጆሪ፣ ረቡዕ ጥንቸል የመሰለ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሐሙስ የቀዘቀዘ እርጎ፣ አርብ ደግሞ «ወላጅ በራሱ ፈጠራ የሚያዘጋጀው አስደሳች ምሳ» እንድንልክ ታዘናል። ከሥሩ በደማቅ ቀለም፣ ፉልና በጋዜጣ የተጠቀለለ ማናቸውም ምግብ ደረጃውን ስለማይጠብቅ ወደ ግቢው መግባቱ ክልክል መሆኑ ተጽፏል። መተማ ላይ ተቀምጦ ፉል መከልከል ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ በዚሁ አጋጣሚ ያለኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ።

ወረቀቱ የደረሰኝ ባለቤቴ እመቤት ቤት በሌለችበት ጊዜ ነበር። እመቤት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የደም ግፊቷ ከፍ በማለቱ ሐኪሞቹ እስክትወልድ ድረስ ከጎንደር እንዳትርቅ ስላዘዟት እህቷ ቤት ሰነበተች። እኔ ደግሞ ባለሀብቱ ሁሉ ለክረምቱ እርሻ ትራክተሩን ለጥገና የሚያመጣበት ወቅት ሆኖብኝ ጋራዡን ዘግቼ ልከተላት አልቻልኩም። በዚህ ምክንያት በዘመኑ ከሞተር ዘይት በቀር ምንም ቀድቶ የማያውቅ ሰው የምሳ ዕቃ ኃላፊ ሆነ። ወረቀትዎን እንደ ጥገና መጽሐፍ ቆጥሬ ቃል በቃል ልከተለው ተነሳሁ።

ለሰኞው ቺዝ ፍለጋ ዘሩ ሱቅ ሄድኩ። የዘሩ ሱቅ ከብስኩት እስከ ባትሪ ድንጋይ የማይገኝበት ነገር የለም፤ እሱ ግን ግራ ተጋብቶ «ቺዝማ ፎቶ ስንነሳ የምንለው ነው፤ የሚበላም አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በቅቤ ተካሁት፤ ቅቤው እስከ ምሳ ሰዓት ቀልጦ ኮከቡ ሲንሳፈፍበት ዋለ። ማክሰኞ እንጆሪ ስላጣሁ ፓፓያ ቆራርጬ በስንጥር ሰካሁ፤ ፓፓያው መሬት ወርዶ ስንጥሩ ለጎራዴ ውጊያ ዋለ። ረቡዕ የላክሁት ጥንቸል ክዳን ውስጥ ታፍኖ ሲውል መዓዛው ክፍሉን በሙሉ ማዳረሱን ሰምቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ እርጎው በወበቁ ፈልቶ ምሳ ዕቃው ተነፋ፤ ከዚያም ጎማ የፈነዳ ያህል ጮኾ ክዳኑ ሲፈናጠር እርጎው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የፊደል ገበታ ላይ አረፈ። የክፍሉ መምህርት አይናዲስ ከ«ሀ» እስከ «መ» ያለውን ስትጠርግ ዋለች። ለመምህርት አይናዲስ የማቀርበው ይቅርታ የእውነት ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቅብኝ አደራ እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሠላማዊት ከአንዱም አለመቅመሷ ነበር። መምህርቷ እንደነገረችኝ ምሳ ዕቃውን ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። ማታ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ምን እንደሆነች ብጠይቃት «እማዬ ስትመጣ እበላለሁ» አለችኝ። እስክትመጣ ትከሻለሽ እኮ ብላት፣ ይህንንማ አስባበታለች፤ «ከሳች ብለህ ንገራት፤ ያኔ ቶሎ ትመጣለች» አለችኝ። እናቷ እንኳን ቶሎ መምጣት ከአልጋ ብዙ እንዳትነሳ የተመከረች ሰው ነበረች። ይህንን ለስድስት ዓመት ልጅ የማስረዳበት መንገድ በወረቀትዎ ላይ ፈልጌ አጣሁ፤ ምናልባት ቦታ ጠቦዎት ይሆናል።

ሁለተኛ፤ አርብ ዕለት የራሴን ፈጠራ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ የምር ስለመሰለኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ታሚያ የምትጠብሰውን መስቱራን ያውቋታል። ታሚያ ማለት ከተፈጨ ሽምብራ የሚጠበሰው ክብ ነገር መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለሌላው አንባቢ ነው። የሐሙስ ማታ እሷ ዘንድ ተቀምጬ የልጄን ነገር ባጫውታት፣ መስቱራ ታሚያዋን እያገላበጠች «አንተ ሠርተህ የምታውቀው ምንድን ነው?» አለችኝ። ትራክተር ብቻ ነው አልኳት። «እንግዲያው ትራክተር ሥራላታ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሠራሁ። ቦዲው ዳቦ፣ የኋላ ጎማው ትልልቅ ታሚያ፣ የፊቱ ትንንሽ ታሚያ፣ ጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ የቆመ ባሚያ፣ ሹፌሩ ተምር ነበር። መስቱራ የፊት ጎማዎቹ እኩል አልሆኑም ብላ አንዱን ደግማ ጠብሳለች፤ በእኔ ጋራዥ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሠራተኛ አላገኘሁም። ጠዋት ምሳ ዕቃውን ለሠላማዊት ከፍቼ አሳየኋትና «ይህ ትራክተር ነዳጁ የሚቀዳው በአንቺ አፍ በኩል ነው፤ ካልበላሽለት አይነሳም» አልኳት። እሷም በጣም አጥብቃ ካየችው በኋላ «የት ነው የሚሄደው?» አለች። ገለጉ አልኳት። የገለጉ መንገድ እንዴት እንደሆነ አጎቷ ሲያማርር ስለሰማች «ታዲያ ይኼ ጎማ ይበቃዋል?» ብላ ተጨነቀች።

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ዕለት ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ባሚያውም ጭምር ተበልቷል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ መንገድ እንሄድ ጀመር፤ አብደራፊ ሰሊጥ ልንጭን፣ ሸኸዲ መለዋወጫ ልንገዛ፣ ጎንደር እናቷን ልንጠይቅ። እመቤትም ማታ ስትደውል ሰላምታው ሳያልቅ «ዛሬ የት ደረሰች?» ማለት ጀመረች፤ ልጅቱም ስልኩን ከእጄ ነጥቃ መንገዱን ከነጉድጓዱ ትተርክላታለች። እመቤት አንድ ቀን ከልጅቱ ጋር ተነጋግራ ስትጨርስ «አምባው፣ ዛሬ እኔም በላሁ» አለችኝ። እህል ሲዘጋት መሰንበቱን ያኔ ነው የሰማሁት። እንግዲህ ጥፋቴ እስከ ጎንደር መድረሱን ልብ ይሏል።

ሦስተኛ፤ ነገሩ ወደ ሌሎች ልጆች በመዛመቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሠላማዊት የጎን ተቀማጭ ፈረደ የሚባለው ልጅ ነው። እናቱ ስመኝ ገበያ ላይ ቲማቲም የምትነግድ፣ ቃል የማይቸግራት ሴት ናት። ፈረደ ትራክተሩን ባየ ማግሥት «ለእኔስ?» ቢላት ከድንች፣ ጭነት የተቆለለበት አይሱዙ ሠርታ ላከችው። በሳምንቱ ባጃጅ መጣ፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና መጣ፤ ተሽከርካሪ ያልሆነ ግመልም ሳይቀር ተምር ተጭኖ መጣ። ልጆቹ በምሳ ሰዓት ሞተር እያስነሱ፣ መንገድ እየተለቃቀቁ፣ ያላቸውን እየተሰጣጡ ምሳቸውን ጨርሰው ይበሉ ነበር። ድምፁ ቢሮዎ ድረስ ይሰማ እንደነበርና ማራገቢያውን እንደሸፈነብዎ ተነግሮኛል፤ አዝናለሁ።

መንገዱ ሲጨናነቅ ፈረደ ገመድ ወጠረና ኬላ አቋቋመ። ከየት እንዳየው እኔ አላውቅም፤ በከተማችን ገመድ የሚወጠርበት ቦታ መኖሩን የማያውቅ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። ልጁ በገመዱ አጠገብ ቆሞ «ምን ጭነሃል?» ይላል፤ ምሳ ዕቃው ይከፈታል፤ ከዚያም በጭነቱ መሐል ፉል ወይም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እንዳለ አጥብቆ ይፈትሻል። ክልከላዎን በቃሉ ያጠና፣ ለማንም የማያዳላ ፈታሽ ነበር። ሕግዎ እንዲህ በታማኝነት የተፈጸመበት ሌላ ቦታ ካለ ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ።

አራተኛ፤ ስለ እንግዳው። ወደ ዋናው ጥፋት ደረስን።

የምሳ መርሐ ግብሩን የሚጎበኙ እንግዳ ከላይ እንደሚመጡ በሰሙ ጊዜ ግቢው ተጠረገ፣ ወረቀትዎ በትልቁ ታትሞ በበሩ ላይ ተሰቀለ። እኔ በዕለቱ አልነበርኩም፤ የማወራው መምህርት አይናዲስ በወላጆች ፊት የተናገረችውን ነው። እንግዳው ሰፊ ሰውነት ያላቸው፣ ፊታቸው ገር የሆነ ሰው ነበሩ። እርስዎ ከፊት ከፊት እየመሩ ወደ ክፍሉ ሲያስገቧቸው ፈረደ ገመዱን ሳይፈታ ቆሞ «ምን ጭነዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርስዎ ልጁን እንድታነሳው ለመምህርቷ ምልክት ቢሰጡም እንግዳው ወደ ሆዳቸው ጎንበስ ብለው «ባዶ ነኝ ልጄ፤ ምሳም አልበላሁ» አሉት። ልጁ ቦርሳቸውን አየና «ይከፈት» አለ። እርስዎ «ኧረ ተው» ሲሉ እንግዳው «ሕግ ከሆነ ይፈትሽ» ብለው ራሳቸው ከፈቱት።

ከቦርሳው የወጣውን እዚህ ላይ መጻፍ ያሳፍረኛል። ግማሽ ዳቦ ሙሉ ፉል ነበር፤ መንገድ ላይ ከመስቱራ የገዙት፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ፈረደ ሰውዬውን ቀና ብሎ አይቶ፣ ድምፁንም ሳይጨምር «ፉል ነው። በጋዜጣም ነው። አይገባም» አላቸው። እንግዳው ምክንያቱን ሲጠይቁት ጣቱን ወደ እርስዎ ቀስሮ «እሳቸው ከልክለዋል» አለ። ከዚያ በኋላ እንግዳው ወደ እርስዎ ዞረው «ለመሆኑ ፉል ምን አደረገ?» እንዳሉ፣ እርስዎም ስለ ደረጃ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ጀምረው መሐል ላይ እንደተዉት መምህርቷ ተናግራለች። ሰውዬው ዳቧቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ገመዱን ዝቅ ብለው አለፉ። ባዶ ሆድ መሆናቸውን የሰማችው ልጄ ከትራክተሯ አንዱን የኋላ ጎማ ነቅላ ሰጠቻቸው፤ ቆመው በሉት፤ ሌላም እንዳለ ጠየቁ።

ልጄ ለተራበ ሰው ጎማ በመንቀሏ ይቅርታ መጠየቅ ይገባኝ እንደሆነ ለመወሰን ብዙ አሰብኩ። አልወሰንኩም። ክፍት ይሁን።

አምስተኛ፤ በማግሥቱ ስለሆነው።

በማግሥቱ አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞሩ። ልጆቹ ጎንና ጎን ተደርድረው፣ ግድግዳውን እያዩ፣ ያለ ድምፅ እንዲበሉ፣ ምግብም ምግብ ብቻ እንዲመስል ታዘዘ። ሠላማዊት የነገሩ ምንጭ በመሆኗ አባቷ ይቅርታ እስኪጠይቅ እንዳትመጣ ተብላ በጥበቃው እጅ ወደ ጋራዥ ተላከች። እኔ ከትራክተር ሥር ተኝቼ ሳለሁ እግሯን አየሁት። ስወጣ ምሳ ዕቃዋን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። «አባዬ፣ ትራክተሩ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ የዚህ አገር ባለሀብት ሁሉ ትራክተሩ ምን እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው የሚመጣው፤ መልስ ያጣሁት ለዚህ አንዱ ብቻ ነው። እጄን በጋዝ ታጠብኩና ምንም እንዳላጠፋ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ካላጠፋ ለምን ይመለሳል።

ያን ዕለት አልበላችም። ማታ እናቷ ደውላ «ዛሬ የት ደረሰች?» ስትል ልጅቱ ስልኩን ተቀበለችኝና «ቆሜያለሁ እማዬ፤ ኬላ ላይ ይዘውኛል» አለቻት። እኔም ወደ ደጅ ወጣሁ። ስለዚያ ምሽት የማመሰግንበት ቃል ፈልጌ አላገኘሁም፤ በሌላው ሁሉ እንዳላጎደልኩ ግን ያውቁልኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ ስመኝ ፈረደን በእጇ ይዛ ጋራዥ መጣች። ልጁ ምሳ እምቢ ብሏል፤ «ግድግዳው ያየኛል» ይላታል። ስመኝ ዘይት ያልነካው በርሜል ፈልጋ ተቀመጠችና «ልጄን በምሳ ሰዓት ወስጄ አብልቼ መመለስ እችላለሁ፣ ወይስ እሱም በጋዜጣ ተጠቅልሏል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚከለክል ነገር አላነበብኩም አልኳት። በማግሥቱ ሁለታችን ልጆቻችንን ይዘን ከበሩ ማዶ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ መስቱራ ዘንድ ምሳ አበላን። በሳምንቱ መጨረሻ ጥላው አልበቃ ብሎ መስቱራ ከቤቷ ሸራ አምጥታ ወጠረች። ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን እያዩ የሚበሉት ልጆች በጣም ጥቂት መሆናቸውንና ጸጥታውም እርስዎ እንደተመኙት ፍጹም መሆኑን በደስታ ሰማሁ።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። በስብሰባው ላይ ስለ ሥነ ሥርዓት የሰጡት ማብራሪያ ለሁላችንም ትምህርት ሰጪ ነበር፤ ርዝመቱም እንደዚያው። ከእርስዎ በኋላ መምህርት አይናዲስ ተነስታ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ሲያበቃም «እኔ በክፍሌ ልጆች ምሳቸውን ጨርሰው ሲበሉ ያየሁት በኬላው ጊዜ ብቻ ነው። ቅጣት ካለበት ገመዱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» ብላ ተቀመጠች። ደመወዟን የሚፈርሙላት እርስዎ መሆንዎን እያወቀች መናገሯን ወላጁ ሁሉ አስተውሏል። ወንበሮቹ ከግድግዳው ይመለሱ የሚል እጅ ሲወጣ ያልወጣ እጅ የማን እንደነበር እዚህ ላይ አልጠቅስም፤ አንድ ብቻ ነበርና ባለቤቱ ያውቀዋል። እርስዎም ወንበሮቹ እንዲዞሩ፣ ሠላማዊትም እንድትመለስ ፈቅደው ይህ ይቅርታ ብቻ እንዲቀርብልዎ ጠየቁ። አንድ ነገርማ ለእርስዎም ሊቀርልዎት ይገባል ብዬ ተስማማሁ።

እመቤት ባለፈው ሐሙስ ወንድ ልጅ ታቅፋ በሰላም ገባች። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስትመጣ የምሳ ሰዓት ስለነበር ወደ ቤት አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ኒሙ ጥላ መጣች። መስቱራ ወንበሯን ለቀቀችላት። ሠላማዊት እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስትስማት ቆየችና፣ ከዚያ ጨርቁን ገልጣ ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጥርስ አለው?» ስትል ጠየቀች። ገና ነው አልናት። «እንግዲያው ታሚያ አትስጡት» ብላ ወደ ምግቧ ተመለሰች። እመቤት እኔን አይታ ሳቀች፤ ክስት ብላ ነበር፤ መስቱራ ሳትጠየቅ ሳህን ሞልታ ፊቷ አስቀመጠችላት፤ ሁሉንም በላች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ በዘረዘርኳቸው ነጥቦች ሁሉ፣ ማለትም ወረቀትዎን በማመኔ፣ አርብን አርብ ብዬ በማክበሬ፣ የሰው ልጆች በመብላታቸው፣ አንድ ሕፃን ሕግዎን በእንግዳዎ ላይ በማስከበሩ፣ ልጄም ለተራበ ሰው በማካፈሏ፣ ከልብ የመነጨ ይቅርታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ሰኞ ጠዋት ሠላማዊትን ራሴ ይዤያት እመጣለሁ። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድሜ ማሳወቅ ካለብኝ፣ የዕለቱ ጉዞ ወደ ቋራ በመሆኑ ትርፍ ጎማ መጫናችንን እንዲያውቁልኝ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ለማስታወቂያ ሰሌዳው ከረዘመ፣ በበሩ ላይ ያለው የምሳ ወረቀት ተነስቶ በቦታው ቢለጠፍ ልኩ እንደሚሆን ሜትር ይዤ አረጋግጫለሁ።

ለልጆቻችን ጸጥታ ሲሉ ያጡት እንቅልፍ እንዲመለስልዎ፣ ማራገቢያዎም ከማንኛውም የሕፃናት ሳቅ በላይ እየጮኸ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግልዎ እየተመኘሁ፣

ምንጊዜም ታዛዥዎ፣ ጥፋቱን በዝርዝር ያወቀው ወላጅ፣
አምባው
መተማ ዮሐንስ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ስጨርስ ሠላማዊት ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እርስዎ ምሳ ሲበሉ አይታ እንደማታውቅ፣ ምናልባት የሚሠራልዎት ሰው ስለሌለ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝና ለእርስዎም አንድ መኪና እንድሠራልዎ ለመነችኝ። የትኛው እንደሚሻል ጠየቅኋት። ባጃጁን ተወችው፣ አይሱዙውን ተወችው፣ ትራክተሩንም ለእርስዎ አልመረጠችውም። ብዙ ካሰበች በኋላ «ለእሳቸው ዳምጠው ይሁንላቸው» አለች። ለምን ብላት፣ መንገድ ሲሠራ እንዳየችው ፊቱ የቆመውን ሁሉ እኩል አድርጎ የሚጨፈልቅ እሱ ስለሆነ እንደሚወዱት እርግጠኛ ናት። የፊት ተሽከርካሪውን መስቱራ በትልቁ ጠብሳዋለች። ሰኞ ይዘንልዎ እንመጣለን።